የያለምወርቅ በረኪና እና የድንጋዩ ሽበት

ያለምወርቅ አጥናፉ የሽበት መድኃኒት አገኘች ተባለ።

ወሬው አቃቂ ውስጥ ሰኞ ጠዋት ተወለደ፤ ቀትር ላይ ጥርስ አወጣ፤ ማክሰኞ ትዳር ያዘ፤ ረቡዕ የልጅ ልጅ አየ። በባጃጅ ተሳፍሮ ቃሊቲ ሲደርስ መድኃኒቱ ሽበት ማጥቆሩ ቀርቶ መላጣ ላይ ፀጉር ያበቅል ነበር። ቂሊንጦ የሠራተኞች ሰርቪስ ላይ ሲወጣ ደግሞ፣ አንድ የሰባ ዓመት ጥበቃ ተቀብቶት ፀጉሩ ከመጥቆሩ የተነሳ የገዛ ባልደረቦቹ በሩ ላይ «ማንን ፈልገህ ነው?» ብለው እንደመለሱት ተረጋገጠ። ያረጋገጠው ሰው ስም አልተገኘም። ሰርቪሱ መጨረሻ ፌርማታ ሳይደርስ ጀርመኖች ደውለውላት ነበር። ቀመሩን ስጪን አሏት፤ እሷም «መጀመሪያ የአቃቂ ሽበት ይለቅ፤ ከተረፈ አስቤበት እደውላለሁ» ብላ ዘጋችባቸው።

ነገሩን ማመን ለሚፈልግ ሰው አንዲት ትንሽ እንቅፋት ነበረች። ያለምወርቅ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ራሷም ከባዘቶ የነጣ ነው። ማኪያቶ ቤት ውስጥ አንድ ተጠራጣሪ ተነስቶ «መድኃኒቱ ካላት ለምን ራሷ አትቀባውም?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነበር። ግን ከጎኑ የተቀመጠው ሰውዬ ስኒውን እንኳ ሳያስቀምጥ «ገና በፊትና በኋላ የሚለውን ፎቶ አልተነሳችማ። በፊት የሚለው ላይ ናት» አለው። ተጠራጣሪውም ሒሳቡን ከፍሎ በቀጥታ ወደ ቤቷ ሄደ፤ ወረፋ ሊይዝ።

ያለምወርቅ ማን እንደሆነች ያወቀ ሰው ግን ወሬው ከየት ሾልኮ እንደወጣ መገመት አያቅተውም።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራችው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ማቅለሚያ ክፍል ነው። ሥራዋ ቀለም ማመሳሰል ነበር። አንድ ቁራጭ ጨርቅ ይመጣላታል፤ «ይህንኑ ቀለም አምጪ» ትባላለች፤ ታመጣለች። ዓይኗ አሥራ አንድ ዓይነት ጥቁር ይለያል። ለቅሶ ቤት ስትሄድ ከማልቀሷ በፊት ድንኳኑን አንድ ጊዜ ቃኝታ የማን ጥቁር በየትኛው ፈረቃ እንደተነከረ ታውቃለች። አንዴ እንዲያውም የሟች እህት ትከሻ ላይ ተደፍታ እያነባች «ይሄ የሌሊት ፈረቃ ነው፣ ችኮላ አለበት» ስትል ተሰምታለች።

እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ካርድ ነበረው። ከካርዱ ግርጌ «ያዘጋጀው» የሚል መስመር አለ፤ እዚያ ላይ የሚፈርመው የክፍሉ ኃላፊ ነው። ኃላፊ ሲቀየር ፊርማው ይቀየራል። ያለምወርቅ አትቀየርም፤ አትፈርምምም። አራት ሺህ ያህል ካርድ ከእጇ ወጥቶ አንዱም ላይ ስሟ የለም። ይህን ያለ ምሬት ነው የምታወራው። ግን ሁልጊዜ ታወራዋለች።

ጡረታ ከወጣች በኋላ ሐኪም ለጉልበትሽ በእግርሽ ሂጂ አላት። እሷም በወንዙ ዳር መመላለስ ጀመረች። አንድ ቀን ድንጋይ ላይ ምንጣፍ ስታጥብ በረኪናው ተፈናጥቆ ከጎኗ ያለው ድንጋይ ላይ አረፈ። ድንጋዩ ላይ እንደ ቅጠል የተነጠፈ ግራጫ ነገር አለ፤ ዳሩ ተፋፍቆ ነጭ ሥጋው ወጥቷል። በረኪናው እዚያ ነጭ ላይ ሲያርፍ ቀይ ሆነ። ጽጌረዳ ቀይ። ወዲያው ደግሞ ጠፋ።

ያለምወርቅ ድንጋይ ሲያፍር አይታ አታውቅም ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን አማትቦ ምንጣፉን ተሸክሞ ይሄድ ነበር። እሷ ግን የማቅለሚያ ክፍል ሰው ናት፤ ደግማ አንጠበጠበችበት። ደግሞ አፈረ።

በዚያን ጊዜ የአብስራ የምትባል ልጅ ግቢዋ ውስጥ ተከራይታ ትኖር ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን በዕጽዋት ላይ የምትሠራ ልጅ ናት። ያለምወርቅ ያየችውን ስትነግራት የአብስራ አንድ እግሯ ላይ ካልሲ፣ አንድ እግሯ ላይ ነጠላ ጫማ አድርጋ ወደ ወንዙ ሮጠች።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ላይክን ነው» አለች፣ ድንጋዩ ላይ ተደፍታ።

«ሽበት ነው» አለች ያለምወርቅ። «የድንጋይ ሽበት። እናቴ እንዲህ ነበር የምትለው።»

«እሱው ነው። አንድ ነገር ይመስላል እንጂ ሁለት ነገር ነው። ፈንገስና አልጌ ተደርበው ይኖራሉ። ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል፤ አልጌው በፀሐይ ምግቡን ያበስላል።»

«ባልና ሚስት ናቸው በይኛ።»

«እንደዚያ ማለት ይቻላል። ማንኛው ማንን እንደሚጠቅም ግን ሳይንቲስቶቹም አልተስማሙም።»

«ጎረቤትም አይስማማም» አለች ያለምወርቅ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአብስራ አስተማረቻት። መጀመሪያ መልክ ይታያል። ቅጠሉ ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ? ላዩ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ነጭ ነጥብ አለው፣ ወይስ እንደ ዓሣ መረብ የተጠላለፈ ስንጥር? ዳሩ ዱቄት አለው? ጀርባው ቡናማ ነው ወይስ ጥቁር? ቀጥሎ ቅመማው ነው። ላዩን በምላጭ ፋቅ አድርጎ፣ ነጩ ሥጋ ላይ አንድ ጠብታ በረኪና፤ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ አንድ ጠብታ ፖታሽ፣ ያ ሳሙና የሚሠራበት ቅመም። በየትኛው ጠብታ የትኛውን ቀለም እንደሚሰጥ ታይቶ ስሙ ይታወቃል። የአብስራ ቤት ቀይራ ወደ ትምህርት ቤቷ ስትጠጋ አሮጌ የእጅ አጉሊ መነፅሯን ለያለምወርቅ ትታላት ሄደች። ያለምወርቅም አንገቷ ላይ አሰረችው። ሠፈርተኛው አዲስ ክታብ መሰለው።

እንግዲህ የወንዙ ዳር ሽበት ሁለት ከሚመሳሰሉ አንዱ ነው። አንዱ ባለመረቡ ነው፤ የአብስራ ፓርሜሊያ ትለዋለች። እሱ በበረኪና አይነቃነቅም፤ ቢጫ ሆኖ ቆይቶ የሚቀላው በፖታሽ ነው። ሌላው ባለነጥቡ ነው፤ ፐንክቴሊያ። እሱ ፖታሹን ከቁብ አይቆጥረውም፤ በበረኪና ግን ይቀላል። ያለምወርቅ ባለነጥቡ ነው ብላ አንድ ቁራጭ በፖስታ ላከች። የአብስራ ቤተ ሙከራ ውስጥ በረኪና ጠብ አድርጋ አየችው። ምንም። ደወለች።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ አልቀላም። ባለመረቡ ሳይሆን አይቀርም። እሱ ደግሞ እኛ ጋ ብዙ አለን።»

«ነጥቡስ?»

«ደርቆ ስለመጣ ነጥቡ በደንብ አይለይም።»

«በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቀልቷል። ሁለቴ።»

የአብስራ እንዲህ አለቻት። ባለነጥቡ ከሆነ፣ ከአቃቂ የመጣ ናሙና ዩኒቨርሲቲው ናሙና በሚያስቀምጥበት ቁም ሣጥን ውስጥ የለም። የመጀመሪያው ይሆናል። ወረቀት ፖስታ ውስጥ ገብቶ፣ ላዩ ላይ ስሙ ተጽፎ፣ ከሥሩ «ሰብሳቢ» ተብሎ የያለምወርቅ ስም ይሰፍራል፤ እዚያው ለዘላለም ይቀመጣል። ቅዳሜ መጥታ ድንጋዩ ላይ እንዳለ በራሷ ዓይን ታየዋለች። ባለመረቡ ከሆነ ግን ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ያለምወርቅ ስልኩን ዘጋች። ሰብሳቢ። ፊርማ የለ፣ ኃላፊ የለ። ሰብሳቢ።

ሰኞ ጠዋት በረኪና ልትገዛ ሀይረዲን ሱቅ ሄደች። ሀይረዲን ከስልጤ የመጣ፣ ድሮ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሱቅ ከከፈተ ሃያ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። ከሚስማር እስከ ሻምፖ ይሸጣል፤ ወሬ ግን በነፃ ነው የሚሰጠው። ጢሙን በሂና አቅልቶ፣ በዚያ ጢሙ እንደ ሙሽራ ይኮራል።

«ሀይረዲን፣ በረኪና ስጠኝ። ትኩሱን።»

«ትኩስ? ዳቦ ነው እንዴ እትዬ?»

«ሰሞኑን የገባውን ማለቴ ነው። ፀሐይ ያልመታውን ከጓዳ አውጣልኝ።»

«ምን ልታጥቢበት ነው እንዲህ የተመረጠው?»

«አላጥብበትም። ለሽበት ነው።»

የሀይረዲን እጅ መደርደሪያው ላይ ቀረ።

«ለሽበት።»

«አዎ። ጠብ ሲያደርጉበት ቀይ ይሆናል። ሠላሳ አንድ ዓመት ቀለም ውስጥ ስኖር እንደዚያ ያለ ቀይ አላየሁም። ቅዳሜ ከዩኒቨርሲቲ መጥተው ያዩታል።»

«ከዩኒቨርሲቲ።»

«እስከዚያ ሰው እንዳይነካብኝ ነው የምፈራው።»

ከተናገረችው ውስጥ አንድም ውሸት የለም። ጉዱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሀይረዲን በረኪናውን በሁለት እጁ አክብሮ ሰጣት፤ ከደጁ ስትወርድ ጢሙን በመስታወት አየ፤ ከዚያ የሚቀጥለውን ደንበኛ ጠበቀ። የሚቀጥለው ደንበኛ ባለባጃጅ ነበር።

ማክሰኞ በሯ ላይ ሰባት ሰው ቆሞ ነበር። ረቡዕ አርባ። አንዱ የእናቱን ፎቶ ይዞ መጣ። አንዷ ባሏን ይዛ መጣች፤ ባልየው ራሱን ዝቅ አድርጎ ለምርመራ አቀረበ። ያለምወርቅ ሁሉንም በትዕግሥት አስረዳች።

«የሰው አይደለም። የድንጋይ ነው። የድንጋይ ሽበት።»

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ጎሽ፣ ምስጢሩ ወጣ። መድኃኒቱ የሚሠራው ከድንጋይ ነው።

ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ባትናገራት ይሻል ነበር። ሐሙስ ዕለት የአቃቂ ሕዝብ ማንኪያ፣ ቢላ፣ የጫማ ብሩሽና የድስት መፈግፈጊያ ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። ከንጋት እስከ ምሳ ሰዓት የወንዙ ዳር ድንጋይ ሁሉ ተላጨ። አቃቂ ድንጋዮቿ እንዲህ ንጹሕ ሆነው ታይተው አያውቁም፤ ማዘጋጃ ቤቱ ለዓመት በዓል ያስጠረገ መሰለ። በረኪናም ከየሱቁ አለቀ። ያለምወርቅ መስኮት ላይ ያስቀመጠችው ጠርሙስ ሳይቀር እጅ በእጅ ሄደ።

ዓርብ ጠዋት ወንዙ ዳር ወርዳ ድንጋዮቹን አየች። የመጀመሪያው ድንጋይ፣ ያ ያፈረው፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሷል። አንዱን አለፈች፣ ሌላውን አየች፣ አጉሊ መነፅሯን አውጥታ ስንጥቅ ስንጥቁን ፈለገች። ዱቄት እንኳ አልተረፈም። ቅዳሜ የአብስራ መጥታ ምን ልታይ ነው?

የቀረ አንድ ድንጋይ ትዝ አላት። ኦቦ ሶሬሳ ግቢ፣ ከቁልቋሉ አጥር ጀርባ፣ ሚኒባስ የሚያህል ቋጥኝ አለ። ኦቦ ሶሬሳ ሠፈሩ ገና እርሻ ሳለ እዚያው ተወልደው ያረጁ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ግቢያቸው የታጠረ ስለሆነ ማንም አይገባም። ያለምወርቅ ሐኪሙ እንዲያይላት በሚያስመኝ ፍጥነት ሄደች።

ማንም እንዳልገባ እውነት ነው። ባለቤቱ ግን ውስጥ ነበሩ። ኦቦ ሶሬሳ ቋጥኙ ሥር ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ራሳቸው በአረንጓዴ ፌስታል ተጠቅልሏል፤ ከጆሯቸው ሥር ቅቤ ይንጠባጠባል። በእጃቸው ቢላ አለ። ቋጥኙ ላይ የቀረው ሽበት አንድ መዳፍ ያህላል።

«ኦቦ ሶሬሳ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«አንቺ ያልሽውን።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«አንቺማ መቼ ተናገርሽ። ሰው ነው የነገረን። አንቺ ደብቀሽ ለጀርመን ልትሰጪ ነበር።»

«ራስዎ ላይ ምንድን ነው ያለው?»

«ፈጭቼ በቅቤ ለወስኩት። በረኪና አጣሁ፤ አልቋል አሉኝ።»

ያለምወርቅ በረኪና ስላለቀ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

«ይሄን የቀረውን አይንኩብኝ፣ እባክዎ።»

«እሱ የቅንድቤ ነው» አሉ ኦቦ ሶሬሳ፣ ድርሻውን ለይቶ እንዳስቀመጠ ሰው በመጠንቀቅ። «እሑድ የልጅ ልጄ ሠርግ ነው። ቢራ የሚባለው የሚስቴ ወንድም ይመጣል። በአራት ዓመት ይበልጠኛል፤ ፀጉሩን ግን እንደ ጎማ አጥቁሮ ይመጣል። ባለፈው ሠርግ እኔን አባቶች ጋ አስቀምጠው እሱን ከሚዜዎቹ ጋር አጨፈሩት። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው እኮ አቦ።»

«የሱቅ ቀለም ተቀብቶ ነዋ። እርስዎም ይቀቡ።»

«ቢራ የሱቅ ይቀባ። እኔ የተፈጥሮውን ነው የምፈልገው።»

ቢላውን አነሱ። ያለምወርቅ በቢላውና በድንጋዩ መካከል ገባች፤ ግን ከሽማግሌ ጋር ግብግብ አይገጠምም። ለማትረፍ የቀራት አንድ ነገር ነበር፤ የምታውቀውን መናገር። አጉሊ መነፅሯን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻቸው።

«ይዩት እስቲ። ስንት ዓመቱ ይመስልዎታል?»

«የአምና ክረምት የወጣ ነዋ።»

«በዓመት የሚያድገው አንዲት ጤፍ ነው። አንዲት የጤፍ ፍሬ ታህላለች፣ ከዚያ አትበልጥም። አሁን ከመሃሉ እስከ ዳሩ ጤፍ ይደርድሩ። ሰባ ይገባል። ሰባ አምስትም ይሆናል።»

ኦቦ ሶሬሳ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በመነፅሩ አዩ። ብዙ ቆዩ። ፌስታሉ በነፋስ ተንሿሿ።

«እዚህ ጋ» አሉ በመጨረሻ፣ በጣታቸው ሳይነኩ እያሳዩ፣ «አባቴ ማጭድ ሲስል አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ስሙኒ የምታህል ነገር ነበረች። ምንድን ናት ስለው፣ የወፍ ኩስ ናት አለኝ።»

«ያቺ ናት።»

«ስሙኒዋ?»

«ያቺው ናት። ካልበለጠችዎ እኩያዎ ናት።»

ኦቦ ሶሬሳ ቢላውን አዩት፤ የተላጨውን የድንጋይ ግማሽ አዩት። የዕድሜ እኩያውን ራስ ሳያስፈቅድ የላጨ ሰው ፊት ላይ የሚታየው ሁሉ ፊታቸው ላይ ታየ። ቢላውን ወንበሩ ሥር ከተቱት።

«ግማሿን ላጨኋት እኮ» አሉ።

«ይበቅላል። በዓመት አንዲት ጤፍ።»

«ሳላይላት ነው የምሞተው በይኛ።»

ያለምወርቅ ውሃና ሳሙና አምጥታ ራሳቸውን አጠበች። ኦቦ ሶሬሳ ዓይናቸውን ጨፍነው «ጠቆረ?» አሉ። ያለምወርቅ ወደ ኋላ ራቅ ብላ፣ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ፣ እንደ ድሮዋ ቀለሙን መረመረች። ቅቤው ፀጉራቸውን እንደ ሐር አድርጎታል።

«ነጭ ነው» አለች። «ግን ይስሙኝ። ፋብሪካችን ይህን ነጭ ለማውጣት ሦስት ዓመት ለፍቶ አልተሳካለትም። በሕይወቴ ካየሁት ነጭ ሁሉ አንደኛ ነው።»

«ቢራ እንዲህ ያለ የለውም?»

«ቢራ ነጭ የት አለው፤ ቀብቶ አበላሸው።»

ኦቦ ሶሬሳ ይህን ነገር አኝከው አጣጣሙት፤ ጣፈጣቸው። ከዚያ ወንበራቸውን አዙረው፣ ጀርባቸውን ለቋጥኙ፣ ፊታቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀመጡ። በዚያ ቀን በአጥሩ ያሾለቀ ሁሉ «እዚህ የታመመ ሽማግሌ አለ፣ ሂዱ» ተባለ። የታመመው ማን እንደሆነ አልተብራራም።

ቅዳሜ ጠዋት የአብስራ በባቡር እስከ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ በባጃጅ መጣች። ባለባጃጁ የዩኒቨርሲቲ ሰው መሆኗን ከቦርሳዋ አውቆ በመንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ «መጡ» እያለ ስለመጣ፣ ኦቦ ሶሬሳ ግቢ ስትደርስ ከኋላዋ ሠላሳ ሰው ነበረ። ሀይረዲንም ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። ኦቦ ሶሬሳ ሕዝቡን ከቋጥኙ አሥር ክንድ አራቁት።

የአብስራ ተንበርክካ በመነፅሯ አየች።

«ነጥብ አለው» አለች ቀስ ብላ። «እውነትም ነጥብ አለው እትዬ። ግን ባለመረቡም ሲያረጅ እንዲህ ሊያሳስት ይችላል። ቅመማው ነው የሚለየን።»

በምላጭ ከዳሩ የጥፍር ያህል አነሳች፤ ላዩን ፋቅ አድርጋ ነጩን ሥጋ አወጣች። ከቦርሳዋ ትንሽ የጠብታ ብልቃጥ አወጣች። ሠላሳ ሰው ትንፋሹን ያዘ። ጠብ አደረገች።

ምንም።

ደግማ ጠብ አደረገች። ነጩ ነጭ ሆኖ ቀረ። የአብስራ ቀና ብላ ያለምወርቅን አየቻት።

«አዩ እትዬ። ቤተ ሙከራም እንዲሁ ነው የሆነው።»

ያለምወርቅ ስሟ የሌለባቸው ካርዶች ትዝ አሏት። አራት ሺህ አንደኛው ካርድ። ከዚያ ብልቃጡ ላይ ዓይኗ አረፈ። ነጭ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ብልቃጥ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ በረኪና የት ነው የሚቀመጠው?»

«ቤተ ሙከራ ውስጥ። መስኮቱ ጋ፣ መደርደሪያ ላይ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

የአብስራ አሰበች። «እኔ ስገባም ነበረ።»

ያለምወርቅ ብልቃጡን ተቀብላ አሸተተች። ከዚያ ሰማያዊ ቀሚሷን ከጫፉ ገልበጥ አድርጋ፣ ስፌቱ ላይ አንድ ጠብታ ጣለችበትና ጠበቀች። ሰማያዊው ሰማያዊ ነው። ማቅለሚያ ክፍል ስትገባ በመጀመሪያው ሳምንት የተማረችው ይህንን ነው፤ በረኪና ጨርቅ ላይ ሳይጣል በቁራጭ ይፈተናል። ፀሐይ የመታው በረኪና ውሃ ነው፤ ስለጠየቁት ሁሉ ይዋሻል።

«ይሄ በረኪና ጡረታ ወጥቷል» አለች። «ከእኔም በፊት ነው የወጣው። ትኩስ ያለው ሰው አለ?»

ሕዝቡ ተያየ። በረኪና ያለው ሁሉ ሐሙስ ጨርሶታል። ሀይረዲን ጫማውን ሲያይ ቆየ።

«ሀይረዲን።»

«አንድ አለች እትዬ። ከባንኮኒ ሥር፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ያስቀመጥኳት። ለጢሜ ነበር። ሂና ሲሰለቸኝ ብዬ።»

«ሂድና አምጣ፣ የኔ ወንድም። ጢምህን ያተረፍኩልህ እኔ ነኝ።»

ሄዶ አመጣ። ያለምወርቅ ክዳኑን ፈትታ አሸተተች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ደስ አላት። ቀሚሷ ስፌት ላይ ጠብ አደረገች። ሰማያዊው ዓይናቸው እያየ ነጣ።

«ይሄ እውነቱን ይናገራል» ብላ ለየአብስራ ሰጠቻት። «ቶሎ እይ ታዲያ። አፍሮ ነው የሚሄደው፣ አይቆይም።»

የአብስራ አዲስ ቦታ ፋቀች። ጠብ።

ቀይ መጣ። ከጠብታው ዳር ተነስቶ ወደ መሃል ገባ፤ ጽጌረዳ ሆነ፤ ሁለት ሦስት ትንፋሽ ቆየ፤ ከዚያ እንደመጣው ሄደ። የአብስራ ከጉልበቷ ሳትነሳ ፖታሹን ሌላው ጥግ ላይ ጠብ አደረገች፤ ምንም አልሆነም። ያነሳችውን ቁራጭ ገልብጣ ጀርባውን አየች። ቡናማ ነው፤ ጥቁር አይደለም። ዳሩን አየች፤ ዱቄት አለው። ከዚያ መሬት ላይ ዘርፈጥ ብላ ተቀመጠችና መሳቅ ጀመረች።

«ባለነጥቡ ነው» አለች። «ፐንክቴሊያ። ጀርባውና ዱቄቱ ሁለተኛ ስሙንም ለይቶልናል። እትዬ፣ እርስዎ ልክ ነበሩ፤ የእኛ ቤተ ሙከራ ነው የተሳሳተው።»

ኦቦ ሶሬሳ በኩራት ዙሪያቸውን አዩ። «እኩያዬ ናት» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም።

የአብስራ ቁራጩን በወረቀት አጥፋ ፖስታ ውስጥ ከተተች፤ እስክሪብቶ አውጥታ ጉልበቷ ላይ መጻፍ ጀመረች። ሁለተኛው ስም ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ሀይረዲን ከትከሻዋ በላይ ሊያነበው ሞክሮ መሃል ላይ ደክሞት ተወው። ቦታ፣ አቃቂ። በምን ላይ፣ በድንጋይ። ከዚያ ቀና አለች።

«ሰብሳቢ፣ ያለምወርቅ አጥናፉ። በአማርኛም በላቲንም ልጻፈው?»

«በሁለቱም» አለች ያለምወርቅ። «አጥናፉን በአልፋው አ ጻፊው። ፋብሪካ የደሞዝ መዝገብ ላይ በዐይኑ ነበር የሚጽፉት።»

የአብስራ ጻፈችው። ያለምወርቅ ፖስታውን ተቀብላ አነበበችው። መነፅሯን አድርጋ ደግማ አነበበችው። የእጅ አጉሊውን አውጥታ ሦስተኛ ጊዜ ልታነበው ስትል ነው ከኋላዋ ያለውን ሁካታ የሰማችው።

ሕዝቡ ያየውን አይቷል። ሽበት ላይ በረኪና ጠብ ተደርጓል፤ ሽበቱ ቀልቷል፤ የዩኒቨርሲቲ ሰው በዓይኗ አይታ በጽሑፍ አረጋግጣለች። ሀይረዲን አጥሩ ሥር ቆሞ በሁለት እጁ እያስረዳ ነው። «ሰኞ ምን አልኳችሁ? በዓይናችሁ አያችሁ አይደል? ስሙንም በላቲን ጽፈውታል። የላቲን ስም ያለው ነገር መድኃኒት ነው።» ከኋላ አንዱ የሰርቪሱን ጥበቃ አነሳ፤ ሌላው ጀርመኖችን። ሰባት ሰው ፌስታል አወጣ። አንዲት ሴት ባሏን ገፋ አድርጋ ወደ ፊት አመጣችው፤ ባልየውም ራሱን ዝቅ አደረገ።

ያለምወርቅ ፖስታውን ለየአብስራ መለሰች፤ ቋጥኙን ተደግፋ ወደ ሕዝቡ ዞረች። ደስታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ነው፤ አላጠፋችውም።

«አንዴ ስሙኝ» አለች። «የሽበት መድኃኒት የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። መላጣ አላበቅልም። ጥበቃውን አላውቀውም። ጀርመን አልደወለልኝም፤ ቢደውል ቋንቋውን አልችልም። የቀላው የድንጋይ ሽበት ነው፤ የእናንተን ሽበት በረኪና ቢነካው ቆዳችሁን ነው የሚያቃጥለው። ወሬው ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸት ነው።»